ስርጉድ

ሃፑታሌ አናት ላይ፣ ደመና ከሚያድርበት፣
ሻይ ቅጠል ተራራውን እንደ ጥልፍ ከለበጠበት፣
ታደሰ ነጩ ቤት።

ሦስት ዓመት ተኩል አናጢ ገባበት፤
የዛገው ቆርቆሮ ወርዶ ሸክላ ወጣበት፤
የረገፈው ልስን በኖራ ተመረገ፣
የጭስ ማውጫው ጥላሸት በገመድ ተጠረገ።
አትክልቱም ቦታ እንደ ጥንቱ ይሁን ብለው፣
ከአንድ አሮጌ ፎቶ ላይ አበባውን ቆጥረው፣
ጽጌረዳ በግራ፣ ሃይድራንጃ በቀኝ ተከሉ።
አትክልተኛው ሙኒያንዲ ይስቃል በዚህ ሁሉ፤
«ፎቶው ጥቁርና ነጭ፤ ቀዩን ከየት አመጡት?» ይላል፣
መቀሱን ሱሪው ላይ ይወለውላል፣
መልሶ ይከረክማል።

እኔ ካስቱሪ ነኝ፤ ባለ ሳሪ፣ ባለ ባጅ፣ ባለ ደሞዝ፤
በቀን አራት ዙር እላለሁ፦ «እንኳን ደህና መጡ ዳንሮዝ።»
የተሰጠኝ ወረቀት አለ፣ በቃሌ የያዝኩት፦
«ፒያኖው ከባሕር ማዶ በመርከብ መጣ፤
ከወደቡ እስከዚህ በበሬ ጋሪ ወጣ፤
ሚስተር ፌርሊ ማታ ማታ ይጫወት ነበር፣
ሚስቱ በረንዳው ላይ ጥልፍ ስትቋጥር።»
በሬው ዳገት ላይ ሲለግም በትከሻው የገፋው ማን እንደሆን
ወረቀቱ አይልም፤ እኔም አልልም በቀን።

የእናቴ እናት ቫሊያማይ እዚህ ቤት አደገች፤
ይህን ቀይ ወለል በእግሯ ፈገፈገች፤
ግማሽ የኮኮናት ልጣጭ ከእግሯ ሥር አድርጋ፣
ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ሰማዩ ሳይነጋ፤
ያየ ሰው ትጨፍራለች ይላል፤
ወገቧ ግን ያውቃል።
ሲመሽ ነጭ ለብሳ ከራት ክፍሉ በር፣
ሳህን እስኪነሳ ቀጥ ብሎ መገተር፤
ግድግዳ አትደገፍ፣ አታስል፣ አታዛጋ፤
መቆም ነው የሷ ሥራ፣ መቆም ነው የሷ ዋጋ።
ከእሷ በፊት እናቷ፣ ከእናቷም በፊት ሌላ፣
በዚያችው አንድ ስፍራ፣ በዚያው ከበሩ ኋላ፤
ተረከዝ በተረከዝ ላይ ሰባ ዓመት ሲቆም፣
ሲሚንቶም ሲሚንቶ ሆኖ አልቻለም፤
ሰረጎደ።
እንደ ሕፃን ጉንጭ፣
እንደ ሻይ ማንኪያ ሆድ፣
ሁለት ተረከዝ የምታህል ስርጉድ።

ልጅ ሆኜ አሳይታኛለች፣ ቤቱ ባለቤት ባጣ ጊዜ፤
ጣሪያው ያፈሰሰውን ውሃ አቁራ፣ ሰማይ አየሁባት አፍጥጬ፣ ተክዤ።
«ከዚህ ቤት የኔ ይቺ ናት» አለች፤
እግሬን ይዛ ከውስጧ አቆመች።
ሰፋኝ። ሳቅን።

ኢንጂነር ጃያኮዲ ክፉ ሰው አይደለም፤
እንደሱ ለአሮጌ በር የሚሳሳ አላየሁም።
ተንበርክኮ ወለሉን በውሃ ልክ ለካ፤
በእርሳሱ ጫፍ ዞረና መሬቱን ነካ ነካ፤
«እዚህ ጋ» አለ፣ «ጉድለት አለ።»
አፌን ከፈትኩ።
የሥራ ውሌ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር።
ዘጋሁት።
በማግስቱ ቀይ ሲሚንቶ ተበጠበጠ፣ ፈሰሰ፤
መለሰኛ አለፈበት፣ ለሰለሰ፤
ጉድለቱ ሞላ።
ያኔ ጎደለ።

«እንዴት ያበራል ወለሉ!» ይላሉ ጎብኚዎች ጎንበስ ብለው፤
ወረቀቴ ላይ ያለው «ከውጭ የመጣ ሰም ነው»፤
ሰም ነው እላለሁ፤ ሰሙን ብቻ።
ወርቁ አልተጻፈም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል የባንዳራዌላው አውቶቡስ ይሄዳል፤
ባሕር ዛፉ መሃል ጉሙ ይወርዳል።
ሰንደሌን አወልቃለሁ።
ከበሩ መቃን ሁለት ስንዝር፣ ከግድግዳው አንድ፣
ለክቼ እቆማለሁ፤ ሳልደገፍ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ሳላረግድ።

ሙኒያንዲ በመስኮት ብቅ ይላል፣
«ምን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል፤
«ሳህን እስኪነሳ።»
አይስቅም። ኮፍያውን ያወልቃል፣
ከወዲያ ማዶ፣ ከአበባው መሃል፣
እሱም ትንሽ ይቆማል።

ሲሚንቶው አዲስ ነው፤ ይቀዘቅዛል።
ተረከዜ ግን የቫሊያማይ ነው።