አንድ ማንኪያ ደም

ኦውሉ፣ በጥር ወር፣ ቀን በመብራት ሲኖር፣
ብልቃጥ እቆጥራለሁ ከብርድ ሁሉ ብርድ ሥር።
አንዱ የታይስቶ ነው፤ በኬሚ ወንዝ ላይ
ግንድ ሲነዳ የኖረ፣ ሌሊት በማያውቅ ሰማይ።
ልቡ ሲያስቸግረው፣ "ለልብ ጥናት" አለና፣
አንድ ማንኪያ ደም ሰጥቶ፣ ፈርሞ ወጣ እንደ ደኅና።

እሱ ከሞተ ሃያ ዓመት፤ ፊርማው ግን አልሞተ፣
ደሙም አልሸበተ።

አሁን ሌሎች መጡ፣ ሌላ ጥያቄ ያዙ፤
"ስካር በዘር ይወርዳል ወይ?" ብለው ደም አዘዙ።

ለሚስቱ ደወልኩ። ሄልቪ፣ ዘጠና ዓመቷ፣
ዝም አለች፤ ይሰማኛል የግድግዳ ሰዓቷ።
"ልቡን ነው የሰጠው። የጠርሙሱን ነገር
ለእኔም አልነገረኝ፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር።"
"እንግዲያው እንቢ ልበል?"
"እንቢም አላልኩ እኔ፤
ፈቃድ በዘር አይወርድም፤ የሱ ነው፣ አይደለም የኔ።"

ቆየችና፣ "ይበርደዋል?" አለች።

ቅጹ ሁለት ሳጥን ነው፤ "እሺ" እና "እንቢ" አለ፤
የሷ ቃል አልገባ ብሎ ኅዳጉ ላይ ዋለ።
ብልቃጡን መለስኩት ከነበረበት፤
በሩንም ቀስ አድርጌ፣ ሰው እንደተኛበት።