ከጎሚስታው ጀርባ

ዓምና፣ ከሱቄ ጀርባ ካለችው ክፍል
ባንዱ ሲጀምር ጎማው ሁሉ ሊዘልል፤
ስለ ባጃጅ ፍቅር፣ ትምህርት ስለ መፎረፍ፣
ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ያለ ትንፋሽ ማረፍ።

ዘንድሮ፣ ለአዲሱ አልበም፣
ቦንሳ የቤዙን ክር አላላ፣
ድምፁ ወርዶ ወርዶ መሬቱን እስኪበላ።
መፍቻዬ ከሚስማሩ ወደቀ።

ጃለኔ አልዘፈነችም፤ አጓራች፣
ጭነት ያዘለ የጅቡቲ ተሳቢ
የአዳማን ቁልቁለት ፍሬን ይዞ ሲወርድ እንደሚያጓራው።

በሩ ላይ ልጆቹ «የድሮውን!» አሉ፤
ግማሾቹ ሄዱ፣
ሌሎቹ ግን ፀጥ ብለው አሁንም አሉ።

እኔ የማውቀው ጎማ ነው፤
ኳስም ሆዱ ነፋስ ነው፣ ይነጥራል፤
የተሳቢ ጎማም ነፋስ ነው፣
አርባ ቶን ተሸክሞ ይሄዳል።

ኪራይ አልጨመርኩም።
መፍቻውን በሽቦ አሰርኩት፤
ማታ ደግሞ ይመታሉ።