በእርሳስ የተሰመረ

ሥራዬ ቤት ማፍረስ ነው፤ ጣሪያው ሳይነካ፣
አንድ ጡብ ሳይወድቅ፣ በር እንኳ ሳይንኳኳ።
ሠርጉ የተወራለት፣ ሳሎኑ የሞቀ፣
ያየው ሁሉ «እንደነሱ ያርገን» ብሎ የመረቀ፣
እንዲያ ያለ ትዳር እመርጥና
ከስኳሩ ጋር አንዲት ጥርጣሬ አማስላለሁ፣ ገና
በመጀመሪያው ገጽ፤
ሚስት ፈገግ እንዳለች የባሏን ኮት ስትሰቅል፣
ኪሱ ውስጥ የማታውቀው ቁልፍ ሲያቃጭል።

አምስት እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ጽፌአለሁ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሆኜ፣
ጉልበቴን በመንዝ ባና ሸፍኜ፤
ውጭ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን እንደ ጨው ሲያነጣ፣
ውስጥ የኔ ሴት በጣቶቿ ጫፍ ካልጋዋ ስትወጣ።

«ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላሉ።
እኔ የምጽፈው የማይቀዳውን ነው፣
ከታች የረጋውን፣
እንስራው ሲሞላ አፉ ላይ የማይታየውን።

ታዲያ ከተማው ደምሰውን ያየዋል።
ደምሰው ባሌ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳ ያስተምራል።
ሥጋ ቤት ሲሰለፍ የፊተኛው ሰው ጨዋታ ይቆርጣል።
«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ይሉታል ሲያልፍ፣
«እሷ ከየት ታመጣዋለች ታዲያ፣ ይህን ሁሉ ስትጽፍ?»
እናቱ ከሰላ ድንጋይ መጥታ
ሻሼን የምታስተካክል መስላ አንገቴን አየች፣ ገልጣ፤
ሰንበር ነበር የፈለገችው። አጣች።
ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ከመሐል ሜዳ ደወለች፤
«የቤቴን ነገር ማን ነገረሽ?» አለች።
«ማንም። ፈጥሬው ነው» አልኳት።
ዝም አለች። ከዝምታዋ ጀርባ ወንድ ሲስል ሰማሁ፤
ስልኩን ዘጋችው።
እኔም ሳሉን አምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ አስገባሁ።

ደምሰው ግን አያነብም።
«ልብ ወለድ እንቅልፌን ያመጣዋል» ይላል፤
ለኔ ግን ወረቀት ይገዛል፣
መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ይዞልኝ ይቆማል።

ባለፈው ሐምሌ ደብረ ሲና በር ሊበይድ ሄዶ አመሸ።
ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወርዶ
መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር፣ መንገዱ ተጋርዶ፤
እኔ ይህን አላወቅሁም። ያወቅሁት ሰዓቱን ነው፤
ሦስት። ሦስት ተኩል። አራት።
ባለሙያ ነኝና አንዲት ሴት ሠራሁለት፣
ለሴቲቱ ቀይ ደጅ፣ ለደጁ ቁልፍ፣ ለቁልፉ የኮት ኪስ።
ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ እጁ ግሪስ በግሪስ።
«የት ነበርክ?» አልኩት፣ በሦስተኛው መጽሐፌ ሚስት ድምፅ።
ትክ ብሎ አየኝ።
«ገጽ ስንት ላይ ነን?» ብሎኝ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ።
ሌሊቱን ግን ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አደርሁ፤
የማያነብ ሰው፣ ያንን ድምፅ በምን አወቀ?

ዛሬ ጠዋት የብየዳ መጻሕፍቱን አቧራ ስጠርግ አገኘሁት፤
ሦስተኛው መጽሐፌ፣ በጋዜጣ ተለብዶ።
ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር፤
በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር፤
«ባልየው ስኳሩን አማስሎ ማንኪያውን ጠርዙ ላይ ሁለቴ መታ።»

የሱ ልማድ ነው፤
ሰርቄ ለገዳዩ የሰጠሁት።
ያቺ መጽሐፍ ከወጣች ስድስት ዓመቷ፤
ስድስት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከፊቴ ተቀምጦ፣
አማስሎ፣
ሁለቴ መትቶ፣
ቀና ብሎ አይቶኝ፣
ከዚያ ጠጥቶ።

መጽሐፉን መለስሁት፣ ጀርባውን አንድ ጣት አስወጥቼ፣ እንደነበረ።
የጠረግሁት አቧራ ግን አይመለስ፣
መደርደሪያው ላይ የእጄ ልክ ንጹሕ ቦታ ቀረ።

ከወጥ ቤት ማንኪያ ብርጭቆ መታ፤
አንዴ።

ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነው።