የተመለሱትን ማን ይቁጠር

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ በሚታጠፍ ወንበር፣
ከፖርትሬን ወደብ፣ ከኮርንዋል ባሕር በር፣
ሥራዬ መቁጠር ነው ለማዘጋጃ ቤት፣
ማን አለፈ ብዬ፣ በየትኛው ሰዓት።
በመዳፌ ይዤ ጠቅ የምትል ብረት፣
ጉልበቴ ላይ ደግሞ ባለ አምስት ረድፍ ወረቀት፤
መኪና፣ ጭነት፣ አውቶቡስ፣ ብስክሌት፣
ከጠርዙ ጥግ «እግረኛ» የምትል ጠባብ ቤት።

ጠቅ። የዓሣ መኪና፣ በረዶው እየቀለጠ፣
ውሃ እያንጠባጠበ ቁልቁል አመለጠ።
ጠቅ። ባለ ፎቅ አውቶቡስ፣ ባዶ ከነፎቁ፣
ሁለት የባሕር ወፎች ጣሪያው ላይ ሲስቁ።
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቅዳሜ ነውና፣ ከሩቅ የመጡ፣
ጀልባ የሚጎትቱ፣ ድንኳን የጫኑ፣ ማቆሚያ ያጡ፣
ሦስት ጊዜ ዞረው ሦስቴ የተቆጠሩ፣
በእኔ ወረቀት ላይ ሦስት ሆነው የቀሩ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከዳገቱ ወርዳ፣
ሞርዌና ትሬጊር፣ በገዛ ሰፈሯ እንደ እንግዳ፣
ከአስፋልቱ ጠርዝ ትቆማለች ባለ ጎማ ዘንቢሏን ይዛ፤
መድኃኒት ቤቱ ከማዶ ነው፣ አሥራ አንድ እርምጃ ቢበዛ።
ወደ ቀኝ ታያለች። ወደ ግራ። ደግሞ ወደ ቀኝ።
አንድ እግሯን ታወርዳለች፤ ክላክስ፦ «ቆይ፣ እኔን አስቀድሚኝ!»
ፍል ውሃ እንደነካ ሰው እግሯን ትሰበስባለች፣
ሩብ ሰዓት ቆማ፣ ዘንቢሏን አዙራ፣ ዳገቱን ትወጣለች።

ጣቴ ብረቱ ላይ ነው። ምን ብዬ ልጫነው?
ቅጹ የሚጠይቀው የተሻገረን ነው።
ለቆመ ረድፍ የለም፣ ለተመለሰ ቤት፤
ፈርቶ ለቀረ ሰው አልወጣለትም ስሌት።

በኅዳር ስብሰባ ሆነ፣ በነፍስ አድን ጀልባ መጋዘን፣
ካርታው ግድግዳ ሞልቶ፣ እኛ በፕላስቲክ ወንበር ተኮልኩለን።
ባለ ዓሣ ቤቱ ጄጎ፣ «ማቆሚያው ከተነካ» አለ፣ «ሱቅህን ዝጋ በሉኝ!»
አንዲት ልጅ፣ የብስክሌት ቆቧ ጭኗ ላይ፣ «ለኛስ? ባለፈው ወር ገጩኝ።»
አንዱ ስለ ፍሳሽ፣ አንዱ ስለ ጉብታ፣
ሁሉም የደጁን ጉድጓድ ተሸክሞ መጣ።

ኢንጂነሩ ተነሣ፤ ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁም ለስላሳ፣
«ዜብራ ይሰመር የተባለው» አለ፣ መነጽሩን ሲያነሣ፣
«ቁጥሩ አይደግፈውም። በሰዓት አራት እግረኛ።
መሻገር የሚሻ የለም፤ ምስክሩም ይኸው፣ የኛው ቆጣሪ፣ ሐቀኛ።»

ሐቀኛ!
አንገቴን ደፋሁ። አራት ናቸው፤ አልዋሸም።
ግን ከኪሴ ቅጹን አወጣሁ፤ ኅዳጉ ንጹሕ አይደለም፤
በእርሳስ ጭረት፣ በስርቆሽ፣ ማንም ቁጠር ሳይለኝ፣
ጭረት በጭረት ላይ፣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ።
«አርባ ሰባት» አልኩ፣ ድምፄ እየሰለለ፣ «ቆመው የተመለሱ፤
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ግን አልደረሱ።»

ዝም አሉ። ማፍያው ብቻ ያፏጫል። ጸሐፊዋ ጻፈች፣
«ሐሳቡ ተመዝግቧል» ብላ ወደ ቀጣዩ አለፈች።
(እሷንስ ልቁጠራት? ጠቅ። እንዴት በቀላሉ ተሻገረች።)

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን እኛ አገር፤
ይሂድ፣ ግድ የለም፤ የወደቡን መንገድ ግን እንዴት ይሻገር?

አሁን መጋቢት ነው። ነፋሱ አሸዋውን አስፋልት ላይ ይዘራል፤
የቆጠራው ውል አልቋል፣ እግሬ ግን በልማዱ እዚያው ይወስደኛል።
ማለዳ አንዱ መጥቶ፣ በሚረጭ ቢጫ ቀለም፣
ከጠርዙ ላይ ቀስትና መስቀል ሥሎ ሄዷል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።
ጄጎ «የጋዝ ቧንቧ ነው» ይላል። ልጅቷ «ዜብራው!» ትላለች፤
ሞርዌና ዘንቢሏን አቁማ፣ በጫማዋ ጫፍ ምልክቱን ትነካካለች።

ክንዴን ዘረጋሁላት፤ ሳቀች፤ «ዛሬስ አንተ አለህልኝ፤
ነገ ስትቀር» አለች፣ «ማን ነው እጁን የሚሰጠኝ?»

ቀለሙ አልደረቀም። ቢጫ ሆነ አፍንጫው የጫማዋ።
ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራ። ክላክስ። ዞረች ወደ ቤቷ።
ዳገቱ ላይ ቢጫ ነጥብ ቀረ፣ በየእርምጃው እየሳሳ፤
እስከ ሰባት ቆጠርኩት፤
ከዚያ ዝናቡ ተነሣ።