ሃያ ሰባት መታጠፊያ

ከፕራዴል ሲወጡ ሁለት መንገድ አለ፤
አንዱ የበቅሎ ነው፣ ድንጋዩ የሾለ፣
በጥዱ መካከል ሽቅብ የነጎደ፤
ሌላው አስፋልት ነው፣ በመጠማዘዙ
ያንን ሁሉ ዳገት አባብሎ ያስለመደ።

እኔ በበቅሎው ነኝ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ፤
አቀበት ስጀምር ይንቋቋል ጉልበቴ።
ወንድሜ ኤርሚኒዮ በብስክሌት ይወጣል፤
ቀይ ናት፣ የተላጠች፤ ሰንሰለቷ ያቃስታል።
ዘይት ቀባት ብለው እሺ መች ይለኛል?
ደግሞስ እንዴት ልበለው?
ከተነጋገርን አራት ዓመታችን ነው።

ነገሩ መስክ ነው፤ ከወንዙ ባሻገር
አባታችን ትቶት የሄደው ቁራሽ ምድር።
ለሁለት ቢከፈል ላንድ ላም አይበቃም፤
ላም ደግሞ የለንም። እሱም የለው፣ እኔም።
በሰማይ ላለች ላም፣ ወተቷን ላናይ፣
ጠበቃ ቀጥረን ቆምን በአደባባይ።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ በሦስተኛው እሑድ፣
መንደሩ በሙሉ ወደ በሩ መንጎድ
ልማዱ ነው። በእግር የሚሻው በእግሩ፣
በጎማ የቻለም በጎማው ዳር ዳሩ።
ኖርማ ባቄላ ቀቅላ ትጠብቃለች፣
ጨው ስትረሳ ይኸው ስድስት ዓመቷ ነው።

መንገድ ጠጋኙ ፒዬሪ በነጭ ቀለም ጽፎ
ለየመታጠፊያው ቁጥር ሰጥቶ ሲያልፍ፣
አሥራ ሦስትን ዘለላት፣ ገደ ቢስ ናት ብሎ።
ስለዚህ ሃያ ሰባት የሚባለው ሁሉ
ሃያ ስድስት ነው። ይህን ያነሣ ሰው
መጠጥ ቤት ውስጥ ማምሸት የለበትም።

የበቅሎው መንገድ አስፋልቱን ስድስት ጊዜ ይቆርጣል።
መጀመሪያው ላይ ስደርስ እሱ አልፎ ሄዷል፤
እርጥቡ ላይ የጎማው መሥመር ብቻ፣
ቀጭን፣ ወዲህና ወዲያ የሚል፣ እንደ ተተወ ክር።
ሁለተኛው ላይ አየሁት። ከመሪው ላይ አንድ ጣት አነሣ።
እኔም አገጬን ነቀነቅኩ፤ ዕዳ አልወድም።
ሦስተኛው ላይ ትንፋሹን ከሩቅ ሰማሁት፣ እንደ ወናፍ፤
ላቡ ጠብ ይል ነበር ካፍንጫው ጫፍ።
አራተኛው ላይ የለም።

አልጠበቅኩትም እኔ። የጫማዬን ክር ነው
የማስረው። ፈታሁ። አሰርኩ። ደግሞ ፈታሁ።
አንዱን ጫማ ሦስት ጊዜ። አንዲት ፍየል ከማዶ
ታየኛለች፤ ያመነችኝ አትመስልም።

ከዚያ ቁልቁል ወረድኩ፣ በአስፋልቱ፣ ያለ ልማዴ።
ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀምጧል ወንድሜ፤
ጭኑ ላይ ሰንሰለት፣ እንደ ሞተ እባብ፤
እጁ ጥቁር በጥቁር።

አራት ዓመት ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር፣
መግቢያው የጠነከረ፣ ማስረጃው የተደረደረ፣
የት እንደገባ እንጃ። ካፌ የወጣው፦
«ዘይት አትቀባትም?»
ቀና ብሎ አየኝ።
«ዘይቱ አንቺ ጋ ነው።»

እውነቱን ነው። የአባታችን የዘይት ቆርቆሮ፣ አፈ ቀጭኑ፣
የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ሲቀር አብሮ ቀርቷል።

ብስክሌቷን በበቅሎው መንገድ አወጣናት፤
እሱ መሪዋን ይዞ፣ እኔ ከኋላ ገፍቼያት።
የጥድ ሥር ሲያደናቅፋት ሁለታችንም ረገምናት፣
ባንድ አፍ፣ ባንድ ቃል፣
አባታችን በቅሎውን በሚሳደብበት ስድብ።

በር እንለዋለን እንጂ መዝጊያ የለው፣ ማጠፊያ የለው፤
በሁለት ዓለት መሃል ነፋስ የሚሾልክበት ስንጥቅ ነው።
ከማዶው ሌላ አገር ይጀምራል፣ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ደወል።
ላሞች አሉ እዚያ፣ የእውነት ላሞች፣
ወገባቸው ድረስ ሣር ውስጥ የቆሙ።
ዝም ብለን አየናቸው።
ስለ መስኩ ማንም አላነሣም።
ባቄላው ጨው የለውም፤ ደግመን በላን።

ለመውረድ ሰንሰለት አያሻም። እሱ በአስፋልቱ
ተንሸራቶ ሄደ፤ እኔ በበቅሎው።
ጉልበቴን ይበልጥ የሚያመኝ ቁልቁለት ነው፤ ቀስ አልኩ።
በስድስቱም መገናኛ ቆሞ አገኘሁት፣
ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር።

ጫማው ክር የለውም።