ኖራ

ሰንጋ በርን አልፈን፣ ግንቡን ተጠግተን፣
ሁለት ትከሻ እኩል በማያሳልፍ መንገድ
አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤
እሳቸው በትር ይዘው፣
እኔ በቀኜ ባልዲ፣ በግራዬ ብሩሽ።

በየዓመቱ ነው። ክረምቱ ሲያባራ፣
ሻጋታ ጉልላቱን አረንጓዴ ሲያለብሰው፣
አሥር አለቃ ዘርጋው፣
ዘጠና ሊሞላቸው ሁለት የቀራቸው፣
«ተነሣ» ይሉኛል፣ «ሰውዬው ጠቁሯል።»

ገና ሙሽራ ሳለሁ
አው ኡመርዲንን ጠይቄ ነበር፣ የመቃብሩን ጠባቂ፤
«ስሙ ማነው?»
«የአሚሩ አማች።»
«ስሙን ነው ያልኩት።»
ሳቁ። «እሱም ስሙ ነው። ሌላውን ጊዜ በላው፤
በጅብ አታሳብ፣ ጅብስ አልነካውም።»

አማቴ ግን ከዚህ በፊት ሌላ አማች ያውቃሉ።
ኮርያ። በረዶው እስከ ጉልበት።
እንደ እርጉዝ ሆድ ያበጠ የሣር ጉብታ፣
ዙሪያውን የድንጋይ በግ፣ የድንጋይ ሎሌ፣
እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ
ጥይት ሲያፏጭ ንቅንቅ የማይል።
«ከሎሌው ጀርባ ተለጠፍኩ፣ ሦስት ሌሊት።
እሱን ያገኘው የእኔ ድርሻ ነበር፤
የሱ ትከሻ ተሸረፈ፣
እኔ ተረፍኩ።»

ጎህ ሲቀድ አስተርጓሚው፣ ፓክ የሚሉት ልጅ፣
በረዶውን በጓንቱ ጠርጎ
የቆመውን ድንጋይ አነበበላቸው፦
የንጉሥ አማች ነው።
ልዕልቲቱ በልጅነት ሞተችበት።
የንጉሥ ልጅ ያገባ ሌላ አያገባም፣ ሕግ ነው፤
እስኪሸብት ብቻውን፣
ከሸበተም በኋላ ብቻውን።

አማቴ እዚያው ተሳሉ፦
«አገሬን ከረገጥኩ
አንድ አማች ፈልጌ መቃብሩን አነጻለሁ።»
ፈለጉ፤ ሐረር አላሳጣቻቸውም።
እሳቸው ማተብ ያሰሩ፣ ሟቹ ቁርዓን የቀራ፤
የአው ኡመርዲን አባት ጫማ አስወልቀው አስገቧቸው፤
«ስለት ከየት መጣህ አይባልም» ብለው።

ዘንድሮ ባልዲው ከበደኝ።
ትርንጎ ከሞተች ስምንት ወሯ።
ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ጣልኩት፤
ተንፈቀፈቀ፣ ጨሰ፣ ነጣ።
ኖራ፣ አልኩ ለራሴ፤ ቃሉ እጄ ላይ ፈላ፦
ኖራ፣ አብራኝ ኖራ፣
አንድ ጠዋት ሳትነቃ የቀረች።

አንደኛውን ግድግዳ ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር
አማቴ ከደፉ ላይ ቁጭ እንዳሉ፣
ወደኔ ሳይዞሩ፣
«አግባ» አሉ።

ብሩሹ ጠብ፣ ጠብ፣ ጫማዬ ላይ።

«አግባ እልሃለሁ። እኔ ንጉሥ አይደለሁ፤
ጡረታዬ ለስኳርና ለሳሙና አትበቃ፣
ዘውዴም ይህች የሱፍ ቆብ።
ለዚያ ሰውዬ ሰባ ዓመት አዝኜለታለሁ፣
በማላውቀው አገር፣ ለማላውቀው ሰው።
ለሁለት አማች የሚሆን ኀዘን የለኝም።»

የምመልሰው ጠፋኝ።
ሌላ ባገባ
የማን አማች ልባል? ብዬ ጠየቅኩ፣ እንደ ልጅ።
«ባልዲ እስከያዝክልኝ
የእኔ።»

ከዚያ ወዲያ ዝም። ከግንቡ ማዶ አህያ አናፋ፣
አንዲት ሴት ስለ ቲማቲም ዋጋ ተቆጣች፣
አው ኡመርዲን ቁልፋቸውን አንቀጫቀጩ፣ መሽቷል ለማለት።
ብሩሼን ማጠብ ስጀምር
በትራቸው ወደ ጥግ ተዘረጋ፦
«እዚያ ጋ ቀርቶሃል።»

ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመቱ።
ሄጄ አየሁ።
ቀርቶኛል።