ቀይ ቀስት

በቀን ስምንት መቶ ሸሚዝ በእጄ ሥር ያልፋል፤
ዓይኔ እንደ መርፌ ነው፣ ስፌት ስፌቱን ይለቅማል።
ኮሌታው በሦስት ሚሊ ወደ ግራ ካዘመመ፣
አዝራሩ ከወንድሞቹ መስመር ጥቂት ከቀደመ፣
ክንዱ ላይ አንዲት ክር ዘልላ ክፍተት ካየሁበት፣
ነጩ ላይ ጤፍ የምታህል የዘይት ነጥብ ካለበት፣
ቀይ ቀስት ከጥቅሉ ልጬ እለጥፍበታለሁ፤
"ይኸው፣ እዚህ ጋ" ብዬ ወደ ሪጀክት እጥላለሁ።

ሥራዬ ይኼ ነው። ሐዋሳ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሼድ ሠላሳ አንድ፤
ከጠዋት እስከ ማታ፣ በቁም፣ ጉድለት ማሳደድ።

ማታ ሰርቪሱ ዳቶ ሰፈር ጥግ ሲያራግፈን፣
ቀስቱም አብሮኝ ይወርዳል፤ ገብተን በር እንዘጋለን።
ሦስቱ ልጆች ተኝተው አምፖሏ ስትቀር ከእኔ፣
ደብተር ከፍራሽ ሥር ይወጣል፤ ይዘረጋል እንደ ሸሚዝ ቀኔ፦

ዳንጊሴን አመናጨቅኩ፣ ሳሙናዬን ስለወሰደች።
ስጸልይ አንቀላፋሁ። ነፍሴ ወደ ደሞዝ ቀን ሄደች።
ለእማዬ "ደህና ነኝ" አልኩ በስልክ። አልነበርኩም። ውሸት።
አሥራት ሃያ ብር ጎደለ። ምቀኝነት፣ ረቡዕ ምሽት።
በእያንዳንዱ ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ትንሽ ቀስት።

የጌታ እራት ሲደርስ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ፣
"መጀመሪያ አንድ ገጽ ንጹሕ ይሁን" ይለኛል ልቤ።
ስድስት ወር ሙሉ ትሪው በፊቴ አለፈ፤
ደብተሬ አንድም ሌሊት ከቀይ ቀለም አላረፈ።
አንዴ ብቻ ባዶ አደረ፣ በወባ ተኝቼ፤
በማግስቱ "ትዕቢት" ብዬ ጻፍኩበት፣ ንጣቱን አይቼ።

ያን እሑድ ግን ዝናብ ነበር፤ ታቦር ተራራ ጉም ለብሶ፣
ከፊቴ አንድ ሰው ተቀመጠ፣ እስከ ጉልበቱ በስብሶ።
ላንቃሞ ነው፣ ባለ ባጃጁ፣ ከአሮጌ ገበያ ፒያሳ የሚያመላልሰን፣
በጠዋት የሚሰድበን፣ ከሰዓት ይቅርታ የሚለምነን።
ሸሚዙን አየሁት።
ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ቆመ። ዐወቅኩት።
ሰማያዊ መስመር፤ የግራ እጅጌው ጫፍ አራት ስፌት የዘለለ፤
መጋቢት ላይ የጣልኩት እኔው ነኝ፤ የቀስቱ ሙጫ ምልክት እንኳ አለ።

ከሪጀክት ክምር ተሽጦ፣ በመቶ ሃምሳ ብር ገበያ ወጥቶ፣
ይኸው እዚህ ተቀምጧል፣ የጌታን ማዕድ ሽቶ፣
ትከሻው ላይ ሞልቶ፣ ጀርባውን ከብርድ ሸሽጎ፣
ሸሚዝ የሚሠራውን ሁሉ አሟልቶ አድርጎ።

ትሪው መጣ። እጁን ዘረጋ፤ ያ እጅጌ፣ ያ የጎደለው፣
ኅብስቱን ሲያነሣ ማንም "ቆይ" ብሎ አልከለከለው።
ስፌት የቆጠርኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ይዘምር ነበር፤
መጋቢ ጡሚሶ "ስለ እናንተ" ሲል፣ ድምፁ ሲሰበር፣
ስለ እናንተ አለ እንጂ "ስለ ንጹሐን" አላለም፤
ሺህ ጊዜ ሰምቼ ይህችን ቃል አስተውያት አላውቅም።

ከልጅነቴ የሸመደድኩት፦ ጽድቃችን እንደ መርገም ጨርቅ፤
እኔ ግን ጨርቁን ሳጥብ፣ ስጥፍ፣ ስተኩስ ዕድሜ ሲያልቅ፣
ለካ ልብስ ተሰፍቶ ቆይቶኛል፤ ሰፊው ራሱ ይዞ ቆሟል፤
"ክንድሽን ብቻ ስጪኝ" ይላል፤ ክንዴ ግን ደብተር ታቅፏል።

አስቀመጥኩት። ወንበሩ ላይ ማለቴ አይደለም፤ በልቤ።
ኅብስቱ ትንሽ ነበር፣ ደረቅ ነበር። ቀረብኩ ተርቤ።

ተለወጥሽ ወይ? ብትሉኝ፦ ማክሰኞ ዳንጊሴ ላይ ደግሜ ጮህኩባት።
ግን ሌሊት ደብተር አልፈለግኩም፤ ቀስቅሼ ይቅርታ ጠየቅኳት።
"ለዚህ ነው እንቅልፌን?" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤
ጠዋት ሳሙናዬ ቦታዋ ላይ ነበረች።

ሸሚዝ ግን ሸሚዝ ነው፤ ሥራም ሥራ፤ ተቆጣጣሪው ያየኛል፤
ኮሌታ ካዘመመ፣ ቀዩ ቀስት አሁንም በእጄ ይገኛል።
እለጥፋለሁ። ከመጣሌ በፊት ግን፣ ጥቂት፣ በመዳፌ ዳብሼ፣
"ማን ይለብስህ ይሆን?" እለዋለሁ፣ ድምፄን ቀንሼ።